ወንበሩን የለቀቁት አባት

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነጻ የወጡት የአፍሪካ ሀገሮች ብዙዎቹ የመጀመሪያ መሪያቸውን «የሀገር አባት» ብለው ጠርተዋል። ምስላቸው በገንዘብ ኖት ላይ ታተመ፣ አውራ ጎዳና ተሰየመላቸው፣ ሕፃናት ስማቸውን እየዘመሩ አደጉ። ከእነዚያ አባቶች መካከል ግን በገዛ ፈቃዳቸው ከወንበር የወረዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹን ያወረዳቸው ወይ መፈንቅለ መንግሥት ነው ወይ ሞት። ታንዛንያውያን «ባባ ዋ ታይፋ» የሚሏቸው ጁሊየስ ኔሬሬ ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይይዘኛል፤ ክብራቸውን ያተረፉት ሥልጣን በያዙበት ቀን ሳይሆን በለቀቁበት ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ቡቲያማ የምትባል መንደር አለች። ኤፕሪል 13 ቀን 1922 በዚያች መንደር ሙጋያ የተባሉ ሴት ለዛናኪ ጎሣ አለቃ ለኔሬሬ ቡሪቶ ወንድ ልጅ ወለዱ። አለቃው ከሃያ በላይ ሚስቶች የነበሯቸው ሲሆን ሙጋያ አምስተኛዋ ነበሩ። ዕለቱ ዝናብ የበረታበት ስለነበር ልጁ ካምባራጌ ተባለ፤ በዛናኪዎች ዘንድ የዝናብ መንፈስ መጠሪያ ነው። ካምባራጌ ከእናቱ ጎጆ ማሳ እየሠራ፣ ከብት እየጠበቀ አደገ። በጎሣው ልማድ የፊት ጥርሶቹን ተሞረደ፤ ኋላ በየአደባባዩ ሲስቅ ዓለም ሁሉ ያያቸው የሾሉ ጥርሶች የዚያ ልማድ ምልክት ናቸው።

ዛናኪዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ይህን እዚህ ላይ የማነሳው ኋላ ትልቅ ትርጉም ስላገኘ ነው። የዛሬዋ ታንዛንያ የየብስ ክፍል የሆነችው ታንጋኒካ ከ120 የሚበልጡ ጎሣዎች የሚኖሩባት ሀገር ስትሆን፣ ከእነሱ መካከል ሌላውን ውጦ ሊገዛ የሚችል አልነበረም። ከትንሽ ጎሣ የመጣን መሪ ደግሞ «ወገኖቹን ሊያነግሥብን ነው» ብሎ የሚፈራ የለም። በጎረቤት ኬንያ የመጀመሪያውን መሪ የኬንያታን አባትነት ገና ከጅምሩ ያጠላበት ጥርጣሬ ኔሬሬን ብዙም አላገኛቸውም።

ሀገሪቱ ራሷ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ከዚያ በፊት የጀርመን ቅኝ ግዛት ሆና ከ1905 እስከ 1907 ማጂ ማጂ የተባለው ታላቅ አመፅ ተነሥቶባታል። የደቡብ ገበሬዎች ጥይትን ውኃ ያደርጋል የተባለውን መድኃኒት ተቀብተው በጀርመን መትረየስ ላይ ዘመቱ። ጀርመኖች አመፁን በጥይት ብቻ ሳይሆን እህል በማቃጠልም ደመሰሱት፤ በጦርነቱና በተከተለው ረሃብ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎችና ከዚያም በላይ ይቆጠራል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታንጋኒካ በዓለም መንግሥታት ማኅበር አደራ ለእንግሊዝ ተሰጠች፤ ከሁለተኛው በኋላም አደራው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ዞረ። ይህ የሕግ ጉዳይ የወረቀት ነገር ይመስላል፤ ግን በኒው ዮርክ አቤት የሚባልበት በር ከፈተ። በ1952 ከመሬታቸው የተፈናቀሉት የሜሩ ሰዎች በኪሪሎ ጃፌት አፍ አቤቱታቸውን እዚያ አሰምተዋል።

ካምባራጌ በ12 ዓመቱ ከቡቲያማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሙሶማ ትምህርት ጀመረ። ዘግይቶ ቢጀምርም ፈጥኖ ደረሰ፤ በ1937 እንግሊዞች የአለቆችን ልጆች ወደሚያስተምሩበት የታቦራ ትምህርት ቤት ገባ። በ1943 ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀ፣ ጁሊየስ የሚለውን ስም ያዘ፤ በዚያው ዓመት ኡጋንዳ ወዳለው ማኬሬሬ ኮሌጅ ሄደ። በመምህርነት ተመርቆ በታቦራ የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ በ1949 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ዘለቀ። ከኢኮኖሚክስና ከታሪክ ጋር ተዋውቆ በ1952 ማስተርሱን ይዞ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1953 ማሪያ ገብርኤልን አገባ። ከዳሬሰላም ወጣ ብላ በምትገኘው ፑጉ በቅዱስ ፍራንሲስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያውቃቸው «ምዋሊሙ»፣ መምህሩ፣ በሚለው ስም ነው፤ ፕሬዚዳንት ሆነውም፣ ሞተውም ስሙ አልተለወጠም።

ዳሬሰላም ያኔ የሙስሊም ከተማ ነበረች። የታንጋኒካ አፍሪካውያን ማኅበር የሚባለውን ድርጅት የሚያንቀሳቅሱት የከተማው ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎችና ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ከእነዚህ ዋነኛው አብዱልዋሂድ ሳይክስ ነው፤ አባቱም ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። በ1953 የማኅበሩ መሪነት ከሳይክስ ወደ ኔሬሬ ተላለፈ። ከሐይቁ አካባቢ የመጣ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር፣ ስዋሂሊውም የገጠር የሆነ ወጣት! የከተማው ሰዎች ቤታቸውን ከፈቱለት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስተዋወቁት፣ ወጪውንም ሸፈኑ። የሀገር አባት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ ኅዳግ ይገፋሉ። የኔሬሬን መንገድ የጠረጉት ግን እነሱ ናቸው። ጁላይ 7 ቀን 1954 ማኅበሩ ፈርሶ የታንጋኒካ አፍሪካውያን ብሔራዊ ኅብረት፣ በአጭሩ ታኑ፣ ሆኖ ተመሠረተ። ዕለቱ ዛሬም «ሳባ ሳባ» ተብሎ ይከበራል።

በማርች 1955 ኔሬሬ በአባላቱ መዋጮ ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት የአደራ ምክር ቤት ፊት ቆሙ። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ሀገራቸው የአፍሪካውያን መሆኗ እንዲታወቅና ራሷን የምታስተዳድርበት ጊዜ እንዲወሰን ጠየቁ። ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከመምህርነቱና ከፖለቲካው አንዱን እንዲመርጡ ነገራቸው። ጨቅላ ልጅ ያላቸው አባት ነበሩ፤ ደመወዙም የቤተሰቡ መተዳደሪያ። ሥራውን ለቀቁ። የመጀመሪያው መልቀቅ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላም በጭነት መኪናና በአሮጌ ላንድሮቨር ሀገሩን ከዳር እስከ ዳር መዞር ሆነ ሥራቸው።

ብቻቸውን ግን አልዞሩም። ከታኑ ቀደምት አባላት መካከል ድምፃቸው ከሁሉ በላይ የተሰማው ቢቢ ቲቲ መሐመድ የተባሉ የዳሬሰላም ሴት ነበሩ። ቲቲ በዘመናዊ ትምህርት ብዙ አልገፉም፤ በከተማው የሴቶች የዘፈን ማኅበራት ግን ስማቸው የገነነ አዝማሪ ነበሩ። በ1955 የታኑን የሴቶች ክንፍ ሲመሩ የጠሩት እነዚያን የዘፈን ማኅበራት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ሴቶች በሺዎች እየተመዘገቡ የአባልነት ካርድ ወሰዱ፤ ጌጣቸውን እየሸጡ ለፓርቲው አዋጡ። ወንዶቹ ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው በሚያመነቱበት ጊዜ አደባባዩን የሞሉት እነዚያ ሴቶች ናቸው። በየሰልፉ መድረክ ላይ ኔሬሬና ቲቲ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ አንዱ በቀስታ ያስረዳል፣ ሌላዋ ሕዝቡን ታስነሣለች።

1958 ሁለት ፈተና ይዞ መጣ። በጃንዋሪ በታቦራ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ እንግሊዞች ያዘጋጁትን ምርጫ እንሳተፍ ወይስ እንተወው የሚለው ክርክር ፓርቲውን ሊሰነጥቀው ደርሶ ነበር። ሕጉ እያንዳንዱ መራጭ አንድ አፍሪካዊ፣ አንድ አውሮፓዊና አንድ እስያዊ እንዲመርጥ ያስገድዳል፤ በሚሊዮን የሚቆጠረው ሕዝብና በሺህ የሚቆጠሩት ሠፋሪዎች እኩል ወንበር ማለት ነው። አብዛኛው ጉባኤተኛ መቅረትን ይፈልግ ነበር። ኔሬሬ ግን ጭቃ ውስጥ ሳይገቡ ማሳ እንደማይደረስ አድርገው ተከራከሩ፣ አሳመኑም። ታኑ የሚደግፋቸውን አውሮፓውያንና እስያውያን ጭምር እያቀረበ ምርጫውን ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ዓመት ኔሬሬ የሁለት የአውራጃ ገዢዎችን ስም በጋዜጣ አጥፍተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ፍርዱ 3,000 ሽልንግ ወይም ስድስት ወር እስራት ነበር። ብዙዎች ታስረው ጀግና እንዲሆኑ ጠብቀው ነበር። እሳቸው መቀጮውን ከፍለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በጁን 1960 አዲስ አበባ ውስጥ የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ሁለተኛ ጉባኤ ሲካሄድ፣ ሀገራቸው ገና ነጻ ያልወጣችው ኔሬሬ ተገኝተው አንድ ያልተጠበቀ ሐሳብ አቀረቡ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ አንድ ፌዴሬሽን ሆነው በአንድ ላይ ነጻ የሚወጡ ከሆነ የታንጋኒካ ነጻነት ጥቂት ቢዘገይ ፈቃደኛ ነኝ አሉ። ነጻነትን ለማፋጠን ሁሉም በሚሽቀዳደምበት ዘመን የራሱን ቀን ለማዘግየት የተስማማ መሪ ማን ነበር? ፌዴሬሽኑ አልሆነም። ከጥቂት ወራት በኋላ በተደረገው ምርጫ ታኑ ከ71 ወንበሮች 70ውን አገኘ።

ነጻነቱ ሊታወጅ ሁለት ወር ሲቀረው በፓርላማ ውስጥ የዜግነት ሕግ ክርክር ተነሣ። ከገዛ ፓርቲያቸው የተነሡ አባላት ዜግነት ለጥቁሮች ብቻ እንዲሰጥ ጠየቁ። ኔሬሬ ሰውን በቆዳው ቀለም መለየት ከጀመርን መቆሚያ የለውም ብለው ተቆጡ፤ ሕጉ በዘር ላይ ከተመሠረተ መንግሥታቸው ሥልጣን እንደሚለቅ ነገሯቸው። ሕጉ እሳቸው እንደፈለጉት አለፈ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ ከልቤ የማከብረው ሰዓት ይህ ነው። ጭብጨባው በሌላ ወገን ነበርና።

ዲሴምበር 9 ቀን 1961 እኩለ ሌሊት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ፤ ሻምበልነት ያልደረሰ አሌክሳንደር ኒሬንዳ የተባለ ወጣት መኮንን በኪሊማንጃሮ አናት ላይ ችቦ ለኮሰ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔሬሬ ከነጻነቱ በኋላ በሥልጣን ላይ የቆዩት ግን ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1962 ቦታውን ለራሺዲ ካዋዋ አስረክበው ለቀቁ። ነጻነት ሲመጣ ፓርቲው ከሕዝቡ እየራቀ፣ መሪዎቹም ወደ ቢሮ እየገቡ መሆኑን አይተው ነበር፤ ያንን ዓመት በየገጠሩ ሲዞሩ አሳለፉት። በዓመቱ መጨረሻ ሀገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ከ97 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

በዚያው 1962 መጀመሪያ ላይ ፓስፖርት የሌለው አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ በድብቅ ዳሬሰላም ገባ። ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ኔሬሬ ተራ በሆነች ቤታቸው ተቀበሉት፤ የትጥቅ ትግሉን ነገር ቢያዘገይ እንደሚሻል መከሩት፤ ድጋፍ ከፈለገ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንዲያገኝ አሳሰቡት። ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ ቀጠለ፤ በኋላም ተመልሶ በኢትዮጵያ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የነጻ አውጪ ኮሚቴው መቀመጫ ዳሬሰላም ሆነች። የሞዛምቢኩ ፍሬሊሞ የተመሠረተው እዚያ ነው፤ መሪው ኤድዋርዶ ሞንድላን በ1969 በፈንጂ ጥቅል የተገደለውም እዚያው ነው። ደሀዋ ታንዛንያ ለሌሎች ነጻነት የከፈለችው ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚተመን አልነበረም።

1964 ግን ሊያጠፋቸው ደርሶ ነበር። ጃንዋሪ 12 በዛንዚባር አብዮት ፈነዳ፤ ሱልጣኑ ሸሹ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከስምንት ቀን በኋላ የዳሬሰላም ወታደሮች እንግሊዛውያን አዛዦቻቸው እንዲነሡና ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው አመፁ። ፕሬዚዳንቱ ተደበቁ፤ ከአመፀኞቹ ጋር የተደራደሩት ሚኒስትሩ ኦስካር ካምቦና ነበሩ። በመጨረሻ ኔሬሬ የእንግሊዝን ጦር እርዳታ ለመጠየቅ ተገደዱ፤ ጃንዋሪ 25 ከመርከብ የወረዱ ኮማንዶዎች አመፁን አስቆሙት። ነጻነት ካወጀ ገና ከሁለት ዓመት ጥቂት ላለፈው መሪ ይህ ትልቅ ውርደት ነበርና እሳቸውም አልደበቁትም። ጦሩን በትነው ከታኑ ወጣቶች አዲስ ጦር አቋቋሙ። ኤፕሪል 26 ቀን ደግሞ ከዛንዚባሩ መሪ ከአቤድ ካሩሜ ጋር የተስማሙበት ውሕደት ጸና፤ ኔሬሬ የሁለቱን ሀገሮች አፈር በአንድ ዕቃ ሲቀላቅሉ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዛሬም በየቢሮው ተሰቅሎ ይገኛል። ሀገሪቱ በዓመቱ መጨረሻ ታንዛንያ ተባለች።

ከዚያ ወዲያ የአባትነቱ ሁለት ፊት አብሮ ይታያል። ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ገና በ1962 ነው። በ1965 ሀገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ ሀገር ሆነች። ሆኖም በዚያው ዓመት ምርጫ ታኑ በየወረዳው ሁለት ሁለት እጩ አቀረበ፤ ማንበብ ለማይችለው መራጭ አንዱ መቆፈሪያ፣ ሌላው ቤት ምልክት ተሰጠው፤ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ በሕዝብ ድምፅ ወደቁ። በኦክቶበር 1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብሔራዊ አገልግሎት አንሠጥም፣ ደመወዛችንም አይቀነስ ብለው ሰልፍ ወጡ። ኔሬሬ በቁጣ ወደ 400 የሚጠጉትን አባረሯቸው፤ እዚያው ቆመው የራሳቸውንና የሚኒስትሮቻቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ። ልጆቹን ያባረረውና ከራሱ የጀመረው ያው አንድ ሰው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ፌብሯሪ 5 ቀን 1967፣ የአሩሻ አዋጅ ታወጀ። ባንኮችና ትላልቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ዞሩ። የፓርቲና የመንግሥት መሪ የኩባንያ አክሲዮን መያዝ፣ ቤት ማከራየት፣ ከአንድ በላይ ደመወዝ መብላት ተከለከለ። ካምቦና በዚያው ዓመት ሀገር ጥለው ተሰደዱ። ኔሬሬ አዋጁን ለመደገፍ ከቡቲያማ እስከ ምዋንዛ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። ቀጥሎ በ1968 ናይጄሪያ በጦርነት ስትታመስ ለተገንጣይዋ ለቢያፍራ ነጻነት ዕውቅና ሰጡ። በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የካይሮ ጉባኤ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ድንበር እንዳይነካ ሐሳቡን ያቀረቡት ራሳቸው ነበሩና፣ የናይጄሪያን አንድነት ይዘው ለማሸማገል ይደክሙ የነበሩትን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ ብዙዎችን አስደነገጡ።

የቢቢ ቲቲ ዕጣ የወጣው በዚህ ዘመን ነው። የሚከራዩ ቤቶች የነበሯቸው ቲቲ የአሩሻውን የመሪዎች ደንብ አልተቀበሉም፤ ከፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ወጡ። በኦክቶበር 1969 መንግሥት ለመገልበጥ አሢራችኋል ተብለው ከሌሎች ጋር ታሰሩ። የታንዛንያ የመጀመሪያው የክህደት ችሎት ነበር፤ ወሮችን ፈጅቶ በዕድሜ ልክ እስራት ተደመደመ። ቲቲ እስከ ዕለተ ሞታቸው ክሱን ክደዋል። በ1972 ኔሬሬ በምሕረት ፈቷቸው። ግን ለዓመታት ስማቸው ከነጻነቱ ታሪክ ጠፋ፤ በየሰልፉ ጎን ለጎን ቆመው የነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ በየግድግዳው ሲሰቀል ሌላዋ ተረሱ። የዳሬሰላም አንድ ትልቅ ጎዳና በስማቸው የሚጠራው ቆይቶ ነው። ሀገር አባት አላት ከተባለ የዚያች ሴት እስር የማይጻፍበት ታሪክ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የከበደው ግን የገበሬው ጉዳይ ነው። ኔሬሬ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በመንደር ቢሰባሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ ያገኛል፣ እርሻውንም በጋራ ያሳድጋል ብለው ያምኑ ነበር። ኡጃማ ብለው የጠሩት ይህ ሐሳብ በቡቲያማ ካደጉበት የዘመድ መረዳዳት የተቀዳ ነው። መጀመሪያ በፈቃድ ነበር፤ ጥቂት ሰው ብቻ ስለመጣ በኖቬምበር 1973 በመንደር መኖር ትእዛዝ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተንቀሳቀሰ። በብዙ ቦታ ካድሬዎችና ወታደሮች እንዳይመለስ የገበሬውን ጎጆ አቃጠሉ፤ ሰው ከለመደው አፈርና ከተከለው ዛፍ ተነቅሎ በመንገድ ዳር በቀጥታ መስመር ሰፈረ። ድርቁ ተጨምሮበት ምርቱ ወደቀ፣ መንግሥት እህል ከውጭ ገዛ። ከዓመታት በኋላ በሐረርጌና በሌሎች ክፍለ ሀገሮች የደርግን መንደር ምስረታ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ የሚያውቀው ነገር ነው። ለልጆቼ የሚበጀውን አውቃለሁ ብሎ የተነሣ አባት ልጆቹ አዋቂ መሆናቸውን ሲረሳ የሚሆነው ይህ ነው፤ የኔሬሬ ቅንነት ለተቃጠለው ጎጆ ካሣ አይሆንም።

በእነዚያው መንደሮች ግን ትምህርት ቤት ተሠራ። በነጻነት ጊዜ ሀገሪቱ የነበሯት መሐንዲሶች ሁለት፣ ሐኪሞች 12 ብቻ እንደነበሩ ኔሬሬ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ሊዳረስ ተቃረበ፤ ጎልማሶች ማታ ማታ ፊደል ቆጠሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው አዋቂ ማንበብ ይችል ነበር። ስዋሂሊ የፓርላማ፣ የፍርድ ቤትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው የሼክስፒርን ጁሊየስ ቄሳርና የቬኒሱን ነጋዴ ወደ ስዋሂሊ መለሱ። ታንዛንያዊው ዛሬ ሌላውን ጎሣህ ምንድን ነው ሳይል ማውራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኦክቶበር 1978 የኡጋንዳው ኢዲ አሚን ድንበር ተሻግሮ እስከ ካጌራ ወንዝ ያለውን የታንዛንያ መሬት ያዘ፣ የእኔ ነው ብሎም አወጀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወራሪውን ለማውገዝ አልደፈረም። የታንዛንያ ጦር ከኡጋንዳውያን ስደተኛ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ወራሪውን አስወጣ፤ ድንበር ላይም አልቆመም፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1979 ካምፓላን ያዘ። ለጦርነቱ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። የነዳጅ ዋጋ በናረበትና የቡና ዋጋ በወረደበት ጊዜ ሀገሪቱ ይህን የምትሸከምበት አቅም አልነበራትም። ሳሙና፣ ስኳርና ዘይት ከሱቅ ጠፉ፤ በየከተማው ረጅም ሰልፍ ሆነ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ያቀረበውን ቅድመ ሁኔታ ኔሬሬ አልቀበልም ብለው ጸኑ።

በኖቬምበር 1984 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊቀመንበርነቱን ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተረከቡ፤ እኛ ሀገር (በእኛ አቆጣጠር) የ77ቱ ረሃብ ሕዝቡን ይጨርስ በነበረበት ወቅት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር፣ የሚያባርራቸው ሳይኖር፣ በ63 ዓመታቸው ፕሬዚዳንትነቱን ለዓሊ ሐሰን ምዊኒ አስረክበው ወደ ቡቲያማ ማሳቸው ተመለሱ። የኢኮኖሚ መርሐቸው እንዳልሠራ ያውቁ ነበር፤ ምዊኒ በማግሥቱ ዓመት ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር ሲፈራረሙ አላስቆሟቸውም። የፓርቲውን ሊቀመንበርነት ግን እስከ 1990 ያዙ፤ ይህ አምስት ዓመት ተተኪያቸውን በሙሉ እግራቸው እንዳይቆሙ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እንዲመጣ ገፉ። ሕዝቡን የጠየቀው ኮሚሽን አብዛኛው አንድ ፓርቲ ይሻለዋል የሚል መልስ ይዞ መጣ፤ ኔሬሬ የጥቂቱን ድምፅ ደገፉ፣ በ1992 ሕጉ ተለወጠ።

የመጨረሻ ዓመታቸውን የብሩንዲን ተፋላሚዎች አሩሻ ላይ ሲያሸማግሉ አሳለፉ። ኦክቶበር 14 ቀን 1999 ለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በደም ካንሰር አረፉ፤ ሽምግልናውን ማንዴላ ተረከቡ። አስከሬናቸው ቡቲያማ ገባ። ከ2005 ጀምሮ የሙሶማ ሀገረ ስብከት ቅድስናቸውን እያጠና ነው። ምስላቸው በአንድ ሺህ ሽልንግ ኖት ላይ አለ፤ ሩፊጂ ወንዝ ላይ የተገነባው 2,115 ሜጋ ዋት ግድብ ስማቸውን ይዟል። አዲስ አበባ ውስጥም የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ሕንፃ ከ2016 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል፤ በፌብሯሪ 2024 ሐውልታቸው በኅብረቱ ግቢ ተመርቋል።

ትተውት የሄዱት ወንበር ግን አልጠበበም። ሕገ መንግሥቱ አምባገነን ለመሆን የሚበቃ ሥልጣን እንደሚሰጣቸው በራሳቸው አንደበት ተናግረው ያውቃሉ፤ እሳቸው በጠባያቸው ያልተጠቀሙበትን ሥልጣን ሌላው እንዳይጠቀምበት የሚከለክል አጥር ግን አልሠሩም። በ2012 ሥራ የጀመረው፣ በኔሬሬ ዘመን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በጆሴፍ ዋሪዮባ የሚመራው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኮሚሽን ሕዝቡን ሲያነጋግር ይኸው ነጥብ ደጋግሞ ተነሣ። በ2013 መጨረሻ የቀረበው ረቂቅ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚቀንስ፣ ለታንጋኒካም የራሷን መንግሥት የሚሰጥ ነበር። በክርክሩ ሁለቱም ወገን ምዋሊሙን ጠሩ፤ አንዱ መሪን በሕግ መግራት የሳቸው መንፈስ ነው ሲል፣ ሌላው በ1993 የታንጋኒካን መንግሥት ሐሳብ በጽኑ መቃወማቸውን አስታወሰ። ተቃዋሚዎች ረቂቁን የሚያየውን የሕገ መንግሥት ጉባኤ ጥለው ወጡ፤ የቀሩት ረቂቁን ለውጠው በ2014 አጸደቁ፤ ሕዝበ ውሳኔው ለኤፕሪል 2015 ተቀጥሮ ተራዘመ። እስካሁን አልተካሄደም፤ ታንዛንያ የምትተዳደረው ኔሬሬ በፈረሙት የ1977 ሕገ መንግሥት ነው።